«ጥሬ» ስንል የትኛውን ነው? ጊሽጣ፣ ካዝሚር፣ አናናስና ፓፓያ ያለ እሳት እንዴት ይበላሉ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እሳት የነካው ምግብ አልቀመስኩም፤ ሁዳዴንም በዚሁ ይዤ ከፋሲካ በኋላ መቀጠል እፈልጋለሁ። ወንድሜ ከባሕር ዳር አንድ ካርቶን ፍራፍሬ ላከልኝ። አናናስ፣ ጊሽጣ፣ ካዝሚር፣ ፓሽን ፍሩትና ፓፓያ አለበት፤ እኔ ከሙዝና ከማንጎ ሌላ እምብዛም አላውቅም። ጥሬ ነው መብላት ያለብኝ ብዬ አረንጓዴውን ፓፓያ ግማሹን በላሁት፤ አፌን አቃጠለኝ፣ ሆዴንም አስቀመጠኝ። አናናሱ ምላሴን አደማው። ጓደኛዬ የጊሽጣውን ዘር ከነፍሬው ፈጭተሽ ጠጪው፣ ለካንሰር ፍቱን ነው አለችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ሲፈልጠኝ ነበር፤ መርዝ እየወጣልሽ ነው ተባልኩ። እነዚህን ፍሬዎች እንዴት ላዘጋጃቸው? ፍራፍሬ ብቻውንስ ይበቃኛል?»

የጊሽጣው ዘር ጉዳይ ቀጠሮ ስለማይሰጥ እሱን አስቀድማለሁ። አይፍጩት፣ አይጠጡት። ምክንያቱን ተራው ሲደርስ እናገራለሁ።

ቀጥሎ ቃሉን እናጥራ፤ የችግርዎ እኩሌታ ከቃሉ የመጣ ነውና። በአማርኛችን ወጥም ይበስላል፣ ማንጎም ይበስላል፤ አንዱ በምድጃ፣ ሌላው በዛፉ ላይ ወይም በጭድ ውስጥ። «ጥሬ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ጥሬ ሥጋ ስንል እሳት ያልነካው ማለታችን ነው፤ ጥሬ ፓፓያ ስንል ግን ያልበሰለው። እርስዎ የጀመሩት አመጋገብ የሚከለክለው እሳትን እንጂ መብሰልን አይደለም። እንዲያውም እሳት ከሌለ መብሰል ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። እሳት በወጥ ቤት ውስጥ ቢያንስ አራት ሥራ አለው፦ ያለሰልሳል፣ በተክሉ ውስጥ ያለውን የሚያቃጥል ወይም የሚመርዝ ነገር ይሰብራል፣ ተሐዋስያንን ይገድላል፣ ከጥራጥሬው ውስጥ ጉልበትና ፕሮቲን እንዲወጣ ያደርጋል። እሳቱን ሲያነሱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች ወደ መብሰል፣ ወደ መላጥ፣ ዘር ወደ ማውጣትና ወደ ማጠብ ይዛወራሉ። አራተኛውን ግን ፍራፍሬ አይሸከመውም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፓፓያው። አረንጓዴ ፓፓያ ሲጫር የሚወጣው ነጭ ወተት ፓፓይን የሚባል ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይዟል። ሥጋ ለማለስለስ የሚሸጠው ዱቄት ከዚሁ ነው የሚሠራው። ምላስና ከንፈርም ፕሮቲን ናቸውና ያቃጠለዎት እሱ ነው፤ ግማሽ ፍሬ ሲሆን አንጀትንም አይምርም። ፍሬው ሲበስል ወተቱ እየቀጠነ ውሃ ይመስላል፣ ኢንዛይሙም እጅግ ይቀንሳል። መብሰል የሚችለውን ከማይችለው የሚለዩት በቀለሙ ነው። ልጣጩ ላይ አንድ ቢጫ መስመር እንኳ ከታየ ደርሷል ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ከ3 እስከ 6 ቀን ይበስላል። ምንም ቢጫ የሌለበትና ጠጣር የሆነው ግን ሳይደርስ የተቆረጠ ነው፤ ይጨማደዳል ወይም ይበሰብሳል እንጂ አይጣፍጥም። ከሦስት ሁለት እጁ ቢጫ ሆኖ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት እሺ ሲል ይበሉት። ዘሩን አውጥተው ውስጡን የሸፈነውን ስስ ሽፋን በማንኪያ ይፋቁት፤ የሚጎመዝዘው እሱ ነው። የፓፓያ ዘር እንደ ፌጦ ያቃጥላል፤ «የሆድ ትል ያጠፋል» እየተባለ በማንኪያ የሚዋጥበትን ልማድ አልደግፍም። ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ፓፓያ አትብላ፤ ወተቱ ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል። በደንብ የበሰለው አይከለከልም።

ስለ ማብሰል ካነሳን የጎንደርን አየር መርሳት አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊወርድ ይችላል። የሞቃት አገር ፍሬ ደግሞ ቅዝቃዜ ያቆስለዋል፤ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ካደረ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ማንጎና ጊሽጣ ውስጣቸው እንጨት ይሆናል ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በኋላ ቢሞቁም ከዚያ ወዲያ አይበስሉም። ስለዚህ ያልበሰለ ፍሬ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ ሲሚንቶ ወለል ላይም አያድርም። ካርቶን ውስጥ የጤፍ ጭድ ወይም ጋዜጣ ያንጥፉ፣ ፍሬዎቹን ሳይደራርቡ ይደርድሩ፣ መሃላቸው ሁለት ቢጫ ሙዝ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ወጥ ቤቱ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያኑሩት። ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ሌላውን ያበስለዋል። በየቀኑ ይክፈቱት፤ አንዱ ከሻገተ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። የበሰለውን ግን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ይቻላል።

በዚህ ሥርዓት የማይገዛው አናናስ ነው። አናናስ ከተቆረጠ በኋላ ይቢጫል፣ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነቱ ግን አይጨምርም፤ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች በውስጡ አላጠራቀመም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ገበያ ላይ ነው። ከሲዳማ ወይም ከጅማ በኩል ተነሥቶ ጎንደር የሚደርስ አናናስ ከአዲስ አበባ ወዲህ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ስለሚጓዝ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ነው የሚቆረጠው። ከግርጌው ያሽቱት፤ ጣፋጭ ሽታ ከሌለው ይተዉት፣ የጠላ ሽታ ካለውም ይተዉት። ከግርጌው ቢጫ የሆነና ለመጠኑ የሚከብድ ይምረጡ። የላይኛውን ቅጠል መንቀል ብዙዎች የሚጠቀሙበት መፈተኛ ነው፤ ያን ያህል አያስተማምንም።

ምላስዎን ያደማው ሁለት ነገር ተባብሮ ነው። አንደኛው ብሮሜሊን የሚባል፣ የፓፓይን አቻ የሆነ ኢንዛይም ነው፤ መካከለኛው ጠንካራ ግንድ ላይ ይበዛል። ሁለተኛው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ በዓይን የማይታይ መርፌ የሚመስል ነገር ነው። መርፌው ይወጋል፣ ኢንዛይሙ በተወጋው ይገባል። እሳት ቢኖር ብሮሜሊኑ ወዲያው ይሞት ነበር፤ በእርስዎ ቤት ግን ቢላዋና ጨው ነው ያለው። ከላይና ከታች ቆርጠው ያቁሙት፣ ልጣጩን ከላይ ወደ ታች ወፈር አድርገው ይላጡት። «ዓይኖቹ» በሰያፍ መስመር እንደሚሄዱ ሲያዩ መስመሩን ተከትለው በቢላዋ ጫፍ ቦይ እየቀደዱ ያውጧቸው፤ አንድ በአንድ ከመፈልፈል ብክነቱ ያንሳል። አራት ቦታ ሰንጥቀው መካከለኛውን ግንድ ይጣሉት። ከዚያ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው፣ የተቆራረጠውን ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያለቅልቁት። ማቃጠሉ ይበርዳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአንድ መካከለኛ ሳሕን፣ ከ250 ግራም ያህል አይለፉ። እስከ 9 ሰዓት ጾመው በባዶ ሆድ በአናናስ መግደፍ ደግሞ ጨጓራን መቀስቀስ ነው፤ በውሃ፣ በሙዝ ወይም በበሰለ ፓፓያ ይግደፉ፣ አናናሱ ይከተል።

አሁን ጊሽጣው። ውስጡ እንደ እርጎ የሆነ፣ እጅግ የሚጣፍጥ ፍሬ ነው፤ ስለ ጣዕሙ ክርክር የለኝም። የበሰለ ጊሽጣ በቅርፊቱ ላይ ያሉት ጉብታዎች መራራቅ ሲጀምሩና በመካከላቸው ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ጫን ሲሉትም እንደ በሰለ አቮካዶ ሲሰረጉድ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ቢላዋ አያስፈልገውም፤ በሁለት እጅ ይከፈላል። በማንኪያ እየዛቁ፣ እያንዳንዱን ጥቁር ዘር በምላስ ለይተው ይትፉት። ልጣጩ መራራ ነው፤ እስከ ልጣጩ አይፋቁ። ጭማቂ ከፈለጉ እጅዎን በደንብ ታጥበው ሥጋውን በሰፊ ወንፊት ላይ ከግማሽ ሲኒ ውሃ ጋር ይሹት፤ ዘሩ ሳይሰበር ከላይ ይቀራል። ብሌንደር ውስጥ ከነዘሩ የሚገባ ጊሽጣ ግን በምንም መልኩ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዘሩ ውስጥ አኖናሲንን የመሰሉ፣ ሕዋሳት ኃይል የሚያመነጩበትን ክፍል የሚዘጉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሳይሰበር የተዋጠ ዘር እንዳለ ይወጣል፤ ሲፈጭ ግን መርዙ ይለቀቃል። የተፈጨው ዘር በአንዳንድ አገሮች ለቅማል ማጥፊያ የሚውል ሲሆን፣ ዓይን ውስጥ የገባባቸው ሰዎች የዓይናቸው ብሌን በብርቱ ተጎድቷል። «ለካንሰር ፍቱን» የተባለው ወሬ መነሻው በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን መግደሉ ነው። በብርጭቆ ውስጥ በረኪናም ይገድላቸዋል። የነርቭ ሕዋሳትንም የሚጎዳው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። በካሪቢያን ባሕር ባለችው የጓዴሎፕ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት፣ የጊሽጣ የቅርብ ዘመድ የሆነውን እሾሃም ትልቅ ፍሬ አዘውትረው በሚበሉና የቅጠሉን ሻይ በሚጠጡ ሰዎች ዘንድ፣ ለተለመደው መድኃኒት እሺ የማይል የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ የነርቭ በሽታ) ዓይነት ሕመም በዝቶ ማግኘቱን አሳይቷል። አንዱ ሌላውን ለማምጣቱ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ለዓመታት ፍራፍሬ ብቻ ሊበላ ላሰበ ሰው ችላ የሚባል አይደለም። ሌላ ምግብም የሚበላ ሰው ጊሽጣን በወቅቱ አንዳንዴ ይበላል፤ ፍራፍሬን ምግቡ ያደረገ ሰው ግን በቀን ሦስት ሊበላ ይችላል። የእኔ ወሰን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ነው፤ የቅጠል ሻዩ ጭራሽ ይቅር። ጓደኛዎ በካንሰር የሚታመም ሰው ካላት ወደ ሐኪም ትውሰደው።

ካዝሚር አረንጓዴ ፖም ቢመስልም ወገኑ ከብርቱካንና ከሎሚ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ ደጋማ አየርም የሚስማማው ነው። በአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ ስሙ «የእንቅልፍ ፍሬ» ማለት ነበር፤ ቅጠሉንና ዘሩን ለማስተኛ ይጠቀሙበት ስለነበር። ዘሩ እንደ ለውዝ ገለባ ነጣ ብሎ ትልቅ ነው፣ ሲያዩት የሚበላ ይመስላል፤ መርዝ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ዘሩን ቆሻሻ ውስጥ እንጂ ጓሮ አይጣሉት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቅጠሉንም ዘሩንም ለመድኃኒት ብሎ አይንካ። ሥጋው ግን ጣፋጭና ለስላሳ ነው። ጠጣር ሆኖ ከመጣ ካርቶኑ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ሲለሰልስ ስስ ልጣጩን በደንብ ይላጡት፣ ምሬቱ ከልጣጩ ሥር ነውና። ቆርጠው ካቆዩት ይጠቁራል፤ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። በጣም ከለሰለሰ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል፤ ያን ጊዜ አይታገሉት።

ፓሽን ፍሩቱ ቀላሉ ነው። ልጣጩ ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ገና ነው፤ የተጨማደደውና የከበደው በስሏል። ሰዎች የተጨማደደውን እየጣሉ የሚያብረቀርቀውን ይመርጣሉ፣ የተገላቢጦሽ ነው። ለሁለት ከፍለው ከነዘሩ በማንኪያ ይብሉት። አረንጓዴውን አይንኩ፤ ያልበሰለው ሳያናይድ የሚባል መርዝ ሊለቅ የሚችል ንጥረ ነገር አለው።

የማንጎ ወቅት ሲመጣ ልብ የሚሉት አንድ ነገር አለ። ከእንጨቱ ጋር በተያያዘበት ቦታ የሚወጣው ሙጫ ቆዳን ያሳክካል፣ አንዳንድ ሰው ከንፈሩ ዙሪያ ያቆስለዋል። በጥርስ ከመላጥ ታጥቦ በቢላዋ ይላጥ። ልጣጩ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጥቦች የነፍሳት ሥራ ናቸው፣ ሥጋውን አይነኩም። አቮካዶ ለእርስዎ ወርቅ ነው፤ ልጣጩንና ዘሩን ግን ለዶሮና ለፍየል አይስጡ፤ ፐርሲን የሚባል ነገር ስላለው ይገድላቸዋል። የላስቲክ ጓንት ወይም ፊኛ ቆዳዎን የሚያሳብጥዎ ከሆነ ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶም ያንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ማንኛውንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱትን ፍሬ ለብቻው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ በልተው እስከ ነገ ይጠብቁ፤ ካርቶኑን በአንድ ቀን ካዳረሱት የትኛው እንዳመመዎ አይታወቅም። አንድ ቀን ደግሞ ከውጭ የመጣ ባለ አምስት ማዕዘን «ኮከብ ፍሬ» ቢያጋጥምዎ፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው እንዳይቀምሰው፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ራስ ልታስት፣ ልትገድልም ትችላለች።

የአገራችንን የዱር ፍሬ ማን «እንግዳ» ብሎ እንዳስቀረው አላውቅም። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሁመር 50 ግራሙ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶ፣ ሲጣራ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ሆድ ስለሚያላላ ከዚያ አይብዛ። ቀጋ ሲበሉ ውስጡን ይጥረጉት፤ በዘሩ ዙሪያ ያሉት ጸጉሮች ጉሮሮ ያሳክካሉ። ሾላን ሁልጊዜ ሰንጥቀው ይዩት፤ ጥቃቅን ተርቦች ውስጡ ይራባሉና ከእንስሳ ወገን ምንም አልበላም ላለ ሰው ነገሩ ያከራክራል።

ማጠብ። የሚላጥ ፍሬ አይታጠብም የሚለው ስሕተት ነው፤ ቢላዋው በልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያ በሚፈስ ውሃ በእጅ ወይም በብሩሽ ይሹት። ሳይላጥ የሚበላውን፣ ሰላጣና ቲማቲምን ጨምሮ፣ መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በ3 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርገው ለ5 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ስለ ማፍላት ደግሞ፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። የፈላ ውሃ መጠቀም ዕቅድዎን አያፈርስም፤ ታይፎይድና ጃርዲያ ግን ያፈርሱታል። ተቆርጦ ጎዳና ላይ የተቀመጠ ፓፓያና ሐብሐብ አይግዙ።

ራስ ምታቱን በተመለከተ፣ የወጣ መርዝ የለም። ቡና ተቆልቶ፣ ፈልቶ የሚጠጣ ነውና ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አቁመውታል ማለት ነው። በቀን ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው ቡና ባቆመ በ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። የእርስዎም ቀን ቆጠራ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። መርዝ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ እነሱ ሲሠሩ ራስ አያሳምሙም።

ወደ ትልቁ ጥያቄ፦ ፍራፍሬ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። ሂሳቡን ይዩት። አንዲት ሴት በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትፈልጋለች። 100 ግራም ፓፓያ 43 ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ በቀን ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ የተላጠ ፓፓያ ሊበሉ ነው፤ ያም ሆኖ የሚያገኙት ፕሮቲን 23 ግራም ብቻ ነው። ክብደትዎ 55 ኪሎ ቢሆን የሚያስፈልግዎ 44 ግራም ነው። በማንጎ ቢሉት ከሦስት ኪሎ በላይ ይሆናል። ጥሬ ብቻ የሚበላበት ቀን ለመሙላት እንዲቃረብ አምስት ሙዝ፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ግማሽ ኪሎ ፓፓያ፣ ሁለት ማንጎ ወይም የሚተካከል፣ 40 ግራም የተወቀጠ ሰሊጥ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 150 ግራም የምስር በቆልትና አንድ ሳሕን አትክልት ያስፈልጋል። ይህ ወደ 1800 ኪሎ ካሎሪና 43 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። ሰሊጡ ካልተወቀጠ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ይህን በየቀኑ ለመሙላት በአራዳ ገበያ ዋጋ ምን ያህል እንደሚያስወጣ እርስዎ ይቁጠሩት።

በቆልቱ ላይ ጠበቅ ልበል። ምስር ወይም ሽምብራ 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየታጠበ በእርጥብ ጨርቅ ሥር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያቆጠቁጣል፤ በብርድ ጊዜ አንድ ቀን ይጨምራል። ነገር ግን ለብ ያለና እርጥብ የሆነው ጨርቅ ለበቆልቱ እንደሚመቸው ሁሉ ሳልሞኔላ ለሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም ይመቻል። ቦሎቄ ቢበቅልም ጥሬውን አይበላም፤ ጥቂት ፍሬው ብቻ በብርቱ ያስታውካል። ጓያ ደግሞ በፍጹም። በሰሜን ምዕራብ አገራችን ጓያ ስንት ጎልማሳ እንዳሽመደመደ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መዘፍዘፍና ማብቀል መርዙን አይጨርሰውም። ባቄላም ለአንዳንድ ሰው ደም የሚያፈርስ ስለሆነ ቤተሰብ ውስጥ ባቄላ የማይስማማው ካለ በጥሬው አይሞክሩት። እንደ እሸት ሽምብራ ያለውን፣ ደምቢያ ወርዶ ማሳ ላይ እንደሚበላው፣ በወቅቱ መጠኑን ጠብቆ መብላት ግን አሮጌና መልካም ልማድ ነው።

ቫይታሚን ቢ12 በፍራፍሬም፣ በአትክልትም፣ በበቆልትም የለም። ያልታጠበ ካሮት፣ እርሾና እንጀራ ይሰጡታል የሚባለውም አያስተማምንም። ጉበት ክምችት ስላለው ጉድለቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው፤ የእርስዎ አመጋገብ ፎሌት በሚባለው ሌላ ቫይታሚን የበለጸገ በመሆኑ ደግሞ የደም ማነሱ ተሸፍኖ የነርቭ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል። እግር ሲደነዝዝ፣ ሲያንገዳግድ ዘግይቷል። በቀን ቢያንስ 10 ማይክሮ ግራም፣ ወይም በሳምንት አንዴ 2000 ማይክሮ ግራም ኪኒን ከፋርማሲ ይግዙ። ሁለተኛው አዮዲን ነው። ጥሬ የሚበሉ ሰዎች ወጥ ሲያቆሙ ጨውም ያቆማሉ፤ የደጋ አፈር አዮዲን ያንሰዋልና እንቅርት ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ከአቮካዶውና ከሰላጣው ጋር ይጠቀሙ፤ አሞሌ አይተካውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ አላላላውም። ቀኑን በፍራፍሬ ይዋሉት፣ ማታ አንድ የበሰለ ጥራጥሬ ይጨምሩ፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር ወይም ንፍሮ፣ በቆልቱንም ቢሆን አምስት ደቂቃ አንተክትከው። ሁዳዴው አይፈርስም፣ ከእንስሳ የመጣ ነገርም የለበትም፤ የሚጎድለው «መቶ በመቶ ጥሬ» የሚለው ስም ብቻ ነው። እንቢ፣ ጥሬ ብቻ ካሉ ደግሞ ለሁዳዴው 55 ቀን ብቻ ይሁን፣ ከላይ በጻፍኩት መጠን፣ ከቢ12ና ከጨው ጋር፤ ክብደትዎን በየሳምንቱ ይመዝኑ፣ ከጀመሩበት በመቶ አምስት ከቀነሱ ያቁሙ። የወር አበባ ከዘገየ ወይም ከቀረ፣ ፀጉር መርገፍ ከጀመረ፣ ሲነሡ ዓይን ከጨለመ እስከ ፋሲካ አይጠብቁ። ላረገዘች፣ ለምታጠባ፣ ለልጅ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ለሆነ ሰው በጥሬ ብቻ መኖርን አልመክርም፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድማ ሐኪሙን ሳያማክር አንድ ቀንም አይጀምር። ጥርስዎንም አይርሱ፤ አሲዳም ፍሬ በልተው ወዲያው አይቦርሹ፣ በውሃ ተጉመጥምጠው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ካርቶኑ ውስጥ ከቀረው፣ ከላይ ባልኩት ምልክት የለሰለሰውን ካዝሚርና ጊሽጣ አስቀድመው ይጨርሱ፤ የተጨማደደው ፓሽን ፍሩት አንድ ሳምንት ይታገሣል። ቢጫ መስመር ያለበትን ፓፓያ ከሙዙ አጠገብ ያኑሩ። ምንም ቢጫ የሌለበትን ግን አይጠብቁት፦ ልጠው፣ ዘሩን ከነሽፋኑ አውጥተው፣ እንደ ዱባ ቆራርጠው፣ በሽንኩርትና በእርድ አልጫ ይሥሩት። በ20 ደቂቃ ይለሰልሳል፤ አፍዎን ያቃጠለው ኢንዛይምም በእሳቱ ይጠፋል።